ወደ ኮታያም፣ በቆላድባ በኩል

ሠላሳ አንድ ዓመት በወተት ጣሳ ውስጥ
ብር ስናጠራቅም፣ ድፍኑን ስንመርጥ፣
አንድ አገር ነበረን፣ ለኔና ለእንጉዳይ፣
በምስማር የጫርነው ከክዳኑ ላይ።

ነገሩን ያመጣች ሚስስ ኤልያማ ነች፤
አዘዞ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ ሂሳብ ያስተማረች።
የሳሪዋን ጫፍ ጠመኔ ነክቶት፣
የመስኮቱን አቧራ አይታ ትንሽ ዝም ብላበት፣
"የኛ ከተማ ጫጫታ የላትም" ትላለች፤
"ማታ ቅጠል ሲወድቅ እንኳ ትሰማለች።
ጀልባው እንደ በቅሎ ከደጅ ይታሰራል፤
ሩዙ በቅጠል ላይ፣ ዓሣው በእርድ ቢጫ ሆኖ ይቀርባል።
ሰናፍጩ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ ከሰማችሁ
ምሳ ደርሷል ማለት ነው፤ ይታጠብ እጃችሁ።"

እንጉዳይ ክፍልፋዩን ረሳችው፤
ሰናፍጩን አልረሳችው።

ጣሳውን ግን ሌላም ሌላም ጠራው።
አንዴ የቤት ክዳን፣ አንዴ የእህቷ ሰርግ፣ አንዴ የኔ ዓይን ሞራ፤
የግራው ተገፈፈ፣ የቀኙ ቀረ በተራ።
ዘንድሮ ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር
ገልብጣ ቆጠረችው፤ ለአውሮፕላኑ ቀርቶ ለክንፉ አይበቃም ነበር።

"ስንት ሆነ?" አልኳት።
"ሁለት ሰው" አለች "እስከ ጎርጎራ ያደርሳል፤
ለሁለት አዳር አልጋ፣ ለዓሣም ይተርፋል።"
"ኮታያምስ?"
"በቆላድባ በኩል ነው" አለችኝ። አልሳቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን፣ ከሚኒባስ ኋላ፣
ጉልበቷ ላይ ከረጢት፣ የፎገራ ሩዝ የተሞላ፣
እርድ በመሐረብ፣ ሰናፍጭ በብልቃጥ፤
ረዳቱ ለዕቃው ሊያስከፍል ሲያፈጥ
"ስንቅ ነው" አለችው፣ "ህንድ አገር ልንወርድ።"
"መውረጃችሁ ሲደርስ ንገሩኝ" አለና በሩን ዘጋው በግድ።

ጎርጎራ ጸጥ ብላለች።
ወደቡ መርከቡን፣ መርከቡ ናፍጣ ይጠብቃል፤
አንድ አህያ መሐል መንገድ ቆሞ ያስባል።
ደብረ ሲና ገባን። ሣር ክዳኑ ሥር ቀለሙ አልደበዘዘም፤
ጻድቃን በሁለት ዓይን ያያሉ፣ ማየት አይደክማቸውም።
ከሓዲ ግን በአንድ ዓይን ይሣላል፣ ዞሮ በጎን፤
እንጉዳይ ሞራዬን አየች፤ "ዘመዶችህን" አለች፣ "ሰላም አትላቸውምን?"

በታንኳ ተሻግረን ከአሮጌው ፍራሽ ደረስን።
ከቅጥሩ ላይ አንድ የተጠረበ አበባ ቀርቷል፤
"ጠራቢው ከህንድ፣ ከጎአ ነው የመጣ" ይባላል።
"እንግዲህ" አለች፣ እጇን አበባው ላይ አሳርፋ፣
"እነሱ መጥተው ሄደዋል፤ የኛ ነበር ወረፋ።"

እሑድ ረፋድ ላይ ሰጥአርጌ ማድቤቱን ለቀቀላት፣
ክንዱን አጣጥፎ ከበሩ ቆሞ ሊታዘባት።
ኮኮናት ከየት ይምጣ? ኑግ ወቅጣ ጨመቀች፣
አመድማ ወተቱን እርድ አለበሰች።
ቆሮሶው ገባ። ሰናፍጩም በዘይት ተንጣጣ፣
አንዷ ፍሬ ዘልላ ሰጥአርጌ ግንባር ላይ ወጣች፤ እሱም ደነገጠ፣ ተቆጣ፦
"እመቤቴ፣ ይህ ለየትኛው ሕመም ይሆናል?"
አልሰማችውም፤ ሌላ ደወል ይሰማታል።

ዳቦ የምንጠቀልልበት ኮባ ላይ ሩዙን አፈሰስን፣
ጎንበስ ብለን በዝምታ ጎረስን።
"ይህ ነው?" አልኳት።
ቆየች። ከጥርሷ መሐል እሾህ አወጣች።
"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች፣
"ሰማሁት እንጂ መቼ ቀመስኩት?"
ከዚያ የቅጠሏን ጥግ በጣቷ ጠረገች፤
የኔንም።

ሰኞ ስንመለስ ያው ረዳት ገጠመን፤
"ህንድ እንዴት ናት?" አለ፣ ከኋላ ወንበር እየከተተን።
እንጉዳይ ባዶውን ከረጢት አራት አጥፋ
ደረቷ ውስጥ ከተተችው።
"ደህና ናት" አለችው።
"ጨው ብቻ አሳንሰውባታል።"